የአልቢ ቀበቶ

ይህ ታሪክ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም። ማመንና አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ጨለማ፣ መቃብር፣ የሌሊት ጩኸት ምናምን የምትጠብቁ ከሆነ ግን ከዚሁ ተመለሱ።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ካራንዳ በምትባል የአውስትራሊያ ባሕር ዳርቻ፣ ቋሊማ በዳቦ እየገመጠ የሚስቅ ያ ሁሉ ሰው እያየ...

አዎ፣ ሁሉም አይተዋል። ዛሬ ሄዳችሁ ብትጠይቋቸው ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አይሉም።

ግሌኒስ እባላለሁ። የተወለድኩት ከባሕር በጣም በራቀ የስንዴ አገር ነው። ካራንዳ የገባሁት ባሌን ዴስን አግብቼ ነው። የዴስ አባትም አያትም የካራንዳ የባሕር ነፍስ አድን ክለብ አባል ነበሩ። እኔን ግን ክለቡ አንድም ቀን አልወደደኝም። ስንት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ስሜ ያው "የስንዴዋ ሴትዮ" ነው።

እኔም አልወደድኳቸውም። እኩል ለእኩል ነበርን።

ክለቡ ፎቅ ላይ አንዲት ትንሽ ሙዚየም አለችው። አቧራ ማራገፍ የሚፈልግ ስላልነበረ ሥራው እኔ ላይ ተጣለ። ቀይና ቢጫ ኮፍያዎች፣ የነተቡ ባንዲራዎች፣ የተሰበረ የጀልባ መቅዘፊያ፣ የዛጉ ዋንጫዎች...

ጥጉ ላይ ደግሞ መዘውሩ አለ። ረጅም ገመድ የተጠመጠመበት ትልቅ የእንጨት መዘውር ነው። ድሮ ሰው ሲሰጥም ዋናተኛው ቀበቶ ይታጠቃል፤ የገመዱ ጫፍ ቀበቶው ላይ፣ ከጀርባው በኩል ይታሰራል። ሰውየውን ሲይዘው አንድ እጁን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ያነሣል።

"ሳቡኝ" ማለት ነው።

ዳር ያሉት ገመዱን ይስባሉ፣ መዘውሩ ይጠቀልላል። ሲጠቀልል ጥርሱ ድምፅ አለው። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

ከመዘውሩ አጠገብ፣ በተቆለፈ መስታወት ውስጥ፣ የአልቢ ቀበቶ አለ።

አልቢ ያንን ቀበቶ እንደታጠቀ የሞተ የክለቡ ዋናተኛ ነው፤ ዴስ ገና ሳይወለድ። "ባሕሩ ወሰደው" ይላሉ። ከዚያ በላይ ጠይቆ መልስ ያገኘ ሰው የለም።

አንድ ነገር ልክ አልነበረም...

ቀበቶውን ሁልጊዜ ዘርግቼ ነው የማስቀምጠው። ጠዋት ስመጣ ክብ ሆኖ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ ውስጡ የሰው ወገብ ያለ ይመስላል። ያረጀ ሸራ እኮ ነው፣ ብቻውን አይቆምም።

የመስታወቱ ቁልፍ ያለው ደግሞ እኔ ኪስ ውስጥ ብቻ ነው።

ባለፈው የካቲት ለክለቡ በዓል ሽር ጉድ ሲባል፣ ክላይቭ የሚባለው የክለቡ አለቃ ሙዚየሙ ድረስ መጣ። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው፤ ወጣት ሳለ መዘውሩን የሚይዘው እሱ ነበር።

"የድሮውን የገመድ ማዳን ለሕዝብ እናሳያለን" አለኝ። "ዴስ ይዋኛል። በአልቢ ቀበቶ።"

ቀበቶውን ላጸዳው አወጣሁት። እርጥብ ነበር። አሸተትኩት... የባሕር አረም ይሸታል።

ጎኑ ላይ፣ እስከዚያ ቀን ልብ ያላልኳት አንዲት የብረት መቀርቀሪያ አለች። ዋናተኛው ጭንቅ ሲመጣበት እሷን መዥረጥ ሲያደርጋት ቀበቶው ይከፈታል፣ ከገመዱ ይላቀቃል። ሕይወቱ ያለችው እዚያች ላይ ነው።

መቀርቀሪያዋ በሽቦ ታስራ ነበር። ጥብቅ ተደርጋ፣ አረንጓዴ ዝገት በያዘ የመዳብ ሽቦ።

"ይሄን ማን ነው ያሰረው?" አልኩት ክላይቭን።

"አትነካኪው።"

"አይከፈትማ! ዴስ አንድ ነገር ቢሆንስ?"

"ሴትዮ፣ አንቺ አቧራሽን አራግፊ።"

ደሜ ፈላ። እሱ እያየኝ ሽቦውን በፒንሳ ፈታሁትና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወርኩት።

በማግስቱ መስታወቱን ከፈትኩ።

ሽቦው ቦታው ላይ ነበር። ያው ሽቦ። የፒንሳዬ ጥርስ ምልክት እንኳ አለበት።

እንደገና ፈታሁት። አሁን ግን አልጣልኩትም፤ በመሐረብ ቋጥሬ ቤቴ ወሰድኩት። ማታ እራት ላይ ዴስን ያዝኩት።

"በሌላ ቀበቶ ዋኝ።"

"ክላይቭ እኮ ነው የሚቀልድብሽ።"

"ክላይቭ ቁልፍ የለውም፣ ዴስ!"

"ግሌን... የአባቴ ስም እዚያ ግድግዳ ላይ ተጽፏል። እምቢ ብል በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? 'ሚስቱ ከለከለችው' እንዲሉኝ ነው?"

"ይበሉሃ! አንተ ብቻ ኑርልኝ እንጂ የፈለጉትን ይበሉ!"

ሳቀብኝ። ግንባሬን ስሞኝ፣ "በቃ፣ መቀርቀሪያዋን ራስሽ ትፈትሺልኛለሽ" አለ።

ፈተሽኩለት። በበዓሉ ቀን፣ አሸዋው ላይ፣ በገዛ እጄ። መቀርቀሪያዋ ወጣች፣ ገባች፣ ወጣች፣ ገባች። ሽቦው በመሐረቤ እንደተቋጠረ ኪሴ ውስጥ ነበር። እየደጋገምኩ ዳሰስኩት፤ አለ።

ገመድ ያዦቹ ተሰለፉ። ገመዱን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው ያዙ። ከሙዚየሙ የወረደው መዘውር ጋ ክላይቭ ቆመ። ዴስ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝና ማዕበሉ ውስጥ ገባ።

ትርኢት ነው እንጂ የሚሰጥም ሰው አልነበረም። ከማዕበሉ ማዶ እንደደረሰ እጁን ማንሣት፣ ተስቦ መመለስ... አለቀ።

ደረሰ። እጁን አነሣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

ከዚያ... ከዴስ ጎን ሌላ እጅ ተነሣ።

ዴስ የገባው ብቻውን ነው።

"አያችሁት?" አልኩ። የሰማኝ የለም። መሳብ ጀምረው ነበር።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

ቆመ።

"ከብዷል" አለ አንዱ ገመድ ያዥ።

"አረም ይዞት ነው። ሳቡ!"

ገመዱ ተወጠረ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሰዉ ዳቦውን እየጣለ እየሮጠ ገመዱ ላይ ተረባረበ። ወንዱም ሴቱም ያዘ። የዴስ ራስ ውኃ ውስጥ ገባ... ወጣ... ገባ።

አልወጣም።

ሕዝብ ተረባርቦ ሲስብ ዋናተኛው ከማዕበሉ በታች እንደሚጎተት በካራንዳ የማያውቅ የለም። ያኔ ግን ማን ያስታውስ!

"መቀርቀሪያዋን ሳባት! ዴስ! ሳባት!"

ኪሴ ውስጥ እጄን ከተትኩ። መሐረቡ እንደተቋጠረ ነው። ሽቦው ግን የለም። መሐረቡ በጨው ውኃ ርሷል።

"አቁሙ! እየገደላችሁት ነው!"

"ዞር በይ!" አለኝ አንዱና በክርኑ ደረቴን መታኝ።

ክላይቭ ጋ ሮጬ አንገትጌውን ያዝኩ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አቁሙ በላቸው!"

"እኛ አይደለንም..." አለ በሹክሹክታ።

"ምን?"

"እግራቸውን እይ።"

አየሁ። ያ ሁሉ ሰው ወደኋላ ተለጥጦ እየሳበ፣ ተረከዙ አሸዋውን እያረሰ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። መዘውሩ ማንም ሳይነካው ወደኋላ ይዞራል።

"ያን ሽቦ ያሰርከው አንተ ነህ" አልኩት።

"ለውድድር ነበር... መቀርቀሪያዋ በዋና መሐል እየወጣች ዋንጫ አስበላችን። አሰርኳት። ሳልፈታት የእውነት የሚሰጥም ሰው ተገኘ... አልቢ ታጥቆ ገባ። አገሩ ሁሉ ሳበ። እጁን ያወዛውዝልን ነበር... እኛ 'አፍጥኑ' ያለን መሰለን።"

እዚያው ጥዬው ሮጥኩ። ከቋሊማ መጥበሻው ጠረጴዛ ላይ ቢላዋውን አነሣሁና በሰዎቹ መሐል ገብቼ ገመዱን መቁረጥ ጀመርኩ። አንዱ ፀጉሬን ጎተተኝ። አንዷ "አብዳለች!" ብላ ጮኸች። አልለቀቅኩም።

ተበጠሰ።

ሁሉም በጀርባቸው ወደቁ። የተቆረጠው ጫፍ አሸዋውን እየሰነጠቀ ወደ ባሕሩ ገባ። ማዕበሉ ወደ እኛ ይመጣል... ገመዱ ወደዚያ ይሄዳል።

ከዚያ ዝም። ወፍ እንኳ አልጮኸም።

ዴስ ከአረፋው መሐል በጉልበቱ እየዳኸ ወጣ። እያሳለው፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ግን በሕይወት። ሄጄ ላዩ ላይ ወደቅኩ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። ባሌን ቀማኋቸው አልኩ በልቤ።

ወገቡን አየሁ። ባዶ ነው። ቀበቶው የለም።

"እንዴት ከፈትከው?"

"ምኑን?"

"ቀበቶውን ነዋ!"

ወደ ወገቡ አቀርቅሮ ትኩር ብሎ አየ። ቀና ሲል ዓይኖቹ ፈጠው ነበር።

"አለኮ... ግሌን፣ ይሄው እኮ። ፍቺልኝ... እያጠበቀኝ ነው።"

ክላይቭ እያነከሰ መጣ። እግሬ አጠገብ ተፋ።

"ማን ቁረጪ አለሽ?" አለ። "ገመዱ በእጃችን እያለ እኛም እንስብ ነበር። አሁን የሚስበው አልቢ ብቻ ነው።"

በዚያው ሳምንት ካራንዳን ለቀን ወጣን። ደህና ሁኑ ያለን ሰው የለም።

አሁን የምንኖረው በትውልድ አገሬ፣ በስንዴው መሐል ነው። ከዚህ ባሕር ለመድረስ ሙሉ ቀን መንዳት ይጠይቃል። ሐኪሞች ዴስን አገላብጠው አይተው ምንም የለበትም ብለዋል። ይበላል፣ ይሠራል፣ ይቀልዳል።

ሲቆም ግን ጀርባው ወደ ባሕሩ ይዞርና ወደኋላ ያዘነብላል። ሁልጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ ባሕሩ ወዳለበት። ሲተኛ ጣቶቹ ጎኑ ላይ መቀርቀሪያዋን ይፈልጋሉ። ወገቡን ስዳስሰው ቆዳ ብቻ ነው። ቆዳው ላይ ግን ዙሪያውን ቦይ ወጥቶበታል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ የተጠመዘዘ የሽቦ ቅርጽ ታትሟል። ፒንሳውን ይዤ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ። ምኑን ልፍታው?

ቦዩ በየሳምንቱ እየጠለቀ ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ዛሬ ጠዋት ባየሁት ምክንያት ነው። ሻይ ጥጄ ነበር፣ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታለች።

ቀጭ...

ዞር አልኩ። ዴስ ጀርባው ከምሥራቁ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። በሁለቱም እጆቹ የምግብ ጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጧል። ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል። ጠረጴዛው አብሮት እየተንሸራተተ ነው።

"ያዢኝ" አለኝ በሹክሹክታ። "ግሌን፣ ያዢኝ..."

አንገቱን አቅፌ ያዝኩት። ባለኝ አቅም ሁሉ ወደ እኔ ሳብኩት።

ቀጭ...

የዴስ ሁለት እጆች ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። የእኔ ሁለት እጆች አንገቱ ላይ ነበሩ።

ከጀርባው፣ ከትከሻው በላይ፣ ውኃ የሚያንጠባጥብ አንድ እጅ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተነሣ።