ወባ ፉሪ በምን ገባ?

ፍሮምሳ ለታን የገደለው ወባ ነው። ሐኪሞች ደሙን መርምረው ያወቁት ነፍሱ ልትወጣ ስትል ነበር፤ ከዚያ በፊት ሰፈሩ ያለ አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ብሎ ኪኒን ሰጥቶታል። አይፈረድበትም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ ነው። ፉሪ ተወልዶ ያደገ፣ ቆላ ረግጦ የማያውቅ ልጅ ወባ ይይዘዋል ብሎ ማን ይጠርጥር?

ፖሊስ ግን ጠረጠረ። ቤተሰቡና ጓደኞቹ ፍሬ የሚሉት ፍሮምሳ የሚሠራው ላፍቶ አካባቢ ባለ የወባ ክትባት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። እዚያ ለምርምር የሚያራቡት ሕይወት ያለው የወባ ተውሳክ አለ፤ የክፍሉ ቁልፍ የነበረው በእሱና በባልደረባው በጆኒ እጅ ብቻ ነው። ሁለቱ ለውጭ አገር ሥልጠና ተፎካክረው ፍሮምሳ ሲመረጥ፣ ጆኒ ጀሞ ጁስ ቤት ውስጥ ሰው እየሰማ «ታያታለህ!» ብሎት ነበር። ይህን ባለ በወሩ ፍሮምሳ ሞተ፤ ጆኒም ታሰረ።

ጉዳዩ የተሰጣት ኢንስፔክተር አምሳለ የቀለለ መልስ የማይጥማት ሴት ናት። መጀመሪያ የሄደችው ጆኒ ጋ ነው።

«ፍሮምሳን ተውሳኩን የያዘ መርፌ ወግተኸዋል?» አለችው።

«እኔ?» ዓይኑ ከልቅሶ ብዛት አብጧል። «ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ፍሬ እኮ ጓደኛዬ ነው! ሲያተኩሰው ‹ና ደምህን ልይልህ› ብለው ሳቀብኝ። ‹ክትባቱን ተከትቤያለሁ፣ ከአዲስ አበባ አልወጣሁ፣ ምን ልታይ?› አለኝ። ምናለ አስገድጄ ባየሁለት!»

አምሳለ አላመነችውም፤ ውሸታም ነውም አላለችም። ወደ ፉሪ ሄደች።

የሟቹ ቤት በአዳዲስ ፎቆች መሐል የቀረ የድሮ የገበሬ ግቢ ነው። እናቱ ወይዘሮ ገዲሴ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ባሌንም የበላው ወባ ነው» አሉ። «ለታ ጋምቤላ ለእርሻ ሥራ ብሎ ሄዶ ሬሳው መጣ። ያን ጊዜ ልጆቼን አስማልኳቸው፣ ቆላ እንዳትወርዱ ብዬ። ቃሌን ጠበቁልኝ። ታናሹ እዚሁ ላፍቶ ይሠራ ነበር፣ ታላቁ ሞልቱ ደብረ ብርሃን ሱቅ ይሠራል። ያ ጆኒ የሚሉት ግን ወባውን ቤቴ ድረስ አመጣብኝ። ይሰቀልልኝ!»

ሞልቱ ጥግ ላይ ጋቢ ደርቦ ተቀምጧል። ፊቱን ፀሐይ አክስሎታል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ትከሻውን ይሰበስባል።

«በረደህ?» አለችው አምሳለ።

«ፉሪ ይበርዳል።»

«ወንድምህ በቅርቡ ሌላ ሕመም ነበረበት?»

«ባጃጅ ተገልብጦበት እግሩ ተሰብሮ ነበር። ብዙ ደም ፈሰሰው። ደሙ በቀላሉ የማይገኝ ዓይነት ነው ሲሉ፣ ያን ሰሞን ልጠይቃቸው መጥቼ ነበርና እኔ ደረስኩለት። የኔን ሰጠሁት።»

ይህን ሲናገር ብቻ ቀና አለ። በዚያ ሁሉ ሐዘን ውስጥ የቀረችው መጽናኛ ይህች ነበረች።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ዶክተር ኤሌኒ የፍሮምሳን ደም ለአምሳለ መርምራ ጨርሳለች።

«ተውሳኩ የእናንተ ነው?»

«አይደለም። እኛ የምናራባው አንድ ዝርያ ብቻ ነው፣ ዘረመሉን አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ። ፍሮምሳ ደም ውስጥ ያገኘሁት የብዙ ዝርያ ድብልቅ ነው።»

«ክትባቱስ ለምን አላዳነውም?»

ዶክተር ኤሌኒ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። «ክትባቱ ለሰውነታችን አንድ ፎቶ አሳይቶ ‹ይህን ካየህ አታስገባ› እንደ ማለት ነው። ተውሳኩ ግን መልኩ ብዙ ነው። ፎቶውን የሚመስሉት ተመልሰው ይሆናል፤ የማይመስሉት ገቡ። ስንት ዓመት ለፍተንበታል! ልጁ ደግሞ አመነኝ።»

«እንዲህ ያለ ድብልቅ ከየት ይመጣል?»

«ወባ ከበዛበት ቆላ፣ ትንኝ ደጋግማ ከነከሰችው ሰው።»

አምሳለ ነገሩ ገባት። ባይገባት በወደደች።

በማግሥቱ ዶክተር ኤሌኒንና ከእስር ያስፈታችውን ጆኒን ይዛ ፉሪ ተመለሰች። ወይዘሮ ገዲሴ ጆኒን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

«እማማ፣ ጆኒ አይደለም» አለች አምሳለ። «እሱ ቢወጋው ኖሮ ደሙ ውስጥ የሚገኘው የቤተ ሙከራው አንድ ዝርያ ነበር። የተገኘው የቆላ ድብልቅ ነው። ፍሮምሳ ቆላ አልወረደም፣ ፉሪም የወባ ትንኝ የለም። ያለ ትንኝና ያለ መርፌ የቀረው መንገድ ደም ነው። እግሩ ሲሰበር ደም ተሰጥቶታል።»

የሞልቱ ጋቢ ከትከሻው ወደቀ።

«ሞልቱ፣ ደብረ ብርሃን የሚኖር ሰው ፉሪ አይበርደውም። ፊቱም እንዲህ አይከስልም። የት ነበርክ?»

«ጋምቤላ» አለ ሞልቱ። «አባዬ የሠራበት እርሻ ላይ። የሱቅ ደመወዝ ፍሬን አያስተምርም ነበር።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል።

«ደም ስትሰጥ ነርሷ ቆላ ነበርክ ወይ ብላ አልጠየቀችህም?» አለችው አምሳለ።

«ጠይቃለች» አሉ እናቱ በእሱ ፈንታ። «አጠገቡ ነበርኩ። የመለስኩላት እኔ ነኝ። ልጄ ደብረ ብርሃን ነው፣ ቆላ አያውቅም፣ ቶሎ ቅጂልኝ አልኳት።»

«አዮ፣ በሰው ፊት ውሸታም ነሽ ልበልሽ?» አለ ሞልቱ እናቱን። «ደግሞ የሚያመኝ መች መሰለኝ! መጀመሪያ ዓመት ነው ወባ የጣለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ነክቶኝ አያውቅም። የጤነኛ ሰው ደም ይገድላል?»

ዶክተር ኤሌኒ ቀስ ብላ መለሰችለት። «ደጋግሞ የተያዘ ሰው ሰውነቱ ብዙውን መልክ ይለምዳል። አይታመምም፤ ተውሳኩ ግን ደሙ ውስጥ ይኖራል። ወንድምህ የለመደው ምንም አልነበረም።»

«ስለዚህ ገደልኩት።»

«ገዳይ አላየሁም» አለች አምሳለ። «ያየሁት ወንድሙን ለማዳን የተሽቀዳደመ ሰው ነው።» ቃሏ እንደማያጽናናው ታውቃለች።

ወይዘሮ ገዲሴ ወደ ዶክተሯ ዞሩ። «ወባው አሁንም እሱ ደም ውስጥ አለ?»

«ሳይኖር አይቀርም። ሌላ መልክ ያለው ሲመጣ እሱንም ሊጥለው ይችላል። ግን መድኃኒት አለው።»

አሮጊቷ ከመደቡ ወረዱ። ሐዘን ላይ ያለች እናት ከቤት አትወጣም፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው የሞልቱን እጅ ያዙ።

«ተነሥ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ተዪኝ አዮ። እኔንም ይግደለኝ።»

«አንዱን ቀበርኩ። ሁለተኛ አልቀብርም። ተነሥ!»

አልተነሣም። ጎተቱት፤ ጉልበታቸውን ልቅሶ ጨርሶታል። ዞር ብለው አዩ፤ ከሁሉም የሚቀርባቸው ጆኒ ነበር። ይሰቀልልኝ ያሉት ልጅ ነው፤ ይቅርታ ለመጠየቅ አፋቸው እምቢ አላቸው።

«ልጄ» አሉት፣ «በዚያ በኩል ደግፍልኝ።»

ጆኒ ጎንበስ ብሎ የሞልቱን ክንድ በትከሻው ላይ አደረገ።