የአምሐ ፒክ አፕ መርፌ

ልጆቼ፣ ይሄ ለማስፈራራት የተፈጠረ ወሬ አይደለም። በእኔ በመኳንንት ላይ የደረሰ ነው። ሃምሳ ዓመት አፍኜ የያዝኩት ፈርቼ እንዳይመስላችሁ... አፍሬ ነው።

ነሐሴ 1964 ዓ.ም.። እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ኮልፌ፣ ከቀራንዮ መንገድ ገባ ብሎ።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ወንደላጤ ነበርኩ። የምኖረው እማማ ተሻለች ግቢ ነው። በእሳቸው ቤትና በእኔ ክፍል መካከል ያለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ሲያስሉ ይሰማኛል።

አንድ ልጅ አላቸው፣ አምሐ የሚባል፣ የጭነት መኪና ሾፌር። እሱም እንደኔ የሸክላ ሱሰኛ ነው። ሸክላ ማጫወቻውን ያኔ ፒክ አፕ ነበር የምንለው። የሱ ቤዝ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ ሌላ ነበር! ሲያጫውት ግድግዳው ዱም... ዱም... እያለ ደረቴ ድረስ ይመጣል። የኔው ሲያዩት ያምራል እንጂ ድምፁ የትንኝ ነው። ምን ልዋሻችሁ፣ እቀናበት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የዕድራችን ዳኛ አቶ ወልደሰንበት በሬን ቆረቆሩ።

"አምሐ ሞቷል" አሉኝ በሹክሹክታ። "ጊቤ ላይ መኪናው ተገልብጦ። እዚያው ቀብረውታል።"

"እማማስ?"

"አልሰማችም። ሰኞ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል! ሙዚቃህንም እንደ ወትሮህ አጫውት። ጭር ካለ ትጠረጥራለች።"

መርዶ እንዲህ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እናት ብቻ አታውቅም። ያን ቀን እማማን "እንደምን ዋሉ" ስላቸው ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ግን እሑድ ቀትር ላይ ተነስቼ ጦር ኃይሎች፣ ራዲዮ ጠጋኙ ባጫ ጋ ሄድኩ። የፒክ አፔን መርፌ የምትሰካበትን ጭንቅላት ላስቀይር ሳስብ ከርሜ ነበር። ቤዝ እፈልጋለሁ አልኩት።

ባጫ መጀመሪያ አዲስ አሳየኝ፣ ከነካርቶኗ። ሰማኋት። ጥርት ያለች ናት፣ ግን ቤዝ የላትም። ከዚያ ጥግ ላይ ከተፈታ ፒክ አፕ አንዷን ነቅሎ ሰካት።

ዱም... ዱም...

ወዲያው አወቅኋት።

"የአምሐ ናት" አለኝ። "ሞተሩን እንድሠራለት ትቶልኝ ነው የሄደው። ልዩነቱን እንድትሰማ ነው እንጂ አልሰጥህም። ሲመጣ ምን እለዋለሁ?"

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ጉዴ... አምሐ እንደማይመጣ ከሁለታችን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

"ውሰዳት ብሎኛል" አልኩት።

"አምሐ?"

"አዎ። ከመሄዱ በፊት።"

አመነኝ። ለምን አያምነኝም? በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። አፈር ልብላ! እናቱ ገና ሳያለቅሱለት ንብረቱን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ፌርማታው ላይ ሳፏጭ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰካኋት። ሸክላ አስቀመጥኩ።

ወይ ቤዝ! አልጋዬ ሥር ያለው ባልዲ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ሸክላው ሲያልቅ መርፌዋን አነሳሁ።

ዱም... ዱም...

አልቆመም።

ሶኬቱን ነቀልኩ።

ዱም... ዱም...

ከግድግዳው ወዲያ ነው፣ ከእማማ ቤት። የሰው ኮቴ... ከባድ፣ የሚጎተት። እማማ ደግሞ ሲራመዱ እንኳን ለጎረቤት ለራሳቸውም አይሰሙም።

ኮቴው ቆመ። ቆየት ብሎ በሬ ተከፈተ።

እማማ ናቸው። እጃቸው እስከ ክርናቸው እርጥብ ነው። ፊታቸው በርቷል።

"መኩዬ! መጣ እኮ!"

"ማን... እማማ?"

"አምሐዬ ነዋ! የሱን ሙዚቃ ሰምቼ ዘልዬ ብወጣ በሩ ላይ ቆሟል።"

ዓይኔ ወደ ነቀልኩት ሶኬት ሄደ።

"እግሩን አጠብኩት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አፈሩ ግን አልለቅ አለኝ። ሦስት ውሃ ለወጥኩ።"

"እማማ..."

"ደክሞታል መሰለኝ አይናገርም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ።"

"ምን አለ?"

"መኳንንት ቤት አለ ወይ? አለኝ።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሞቷል፣ እኔም ሰርቄዋለሁ ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። "ነገ መጥቼ እጠይቀዋለሁ" ብዬ በሩን ዘጋሁባቸው። በእናት ፊት ላይ!

ለአቶ ወልደሰንበትም አልነገርኩም። ብናገር "የአምሐን መርፌ ከየት አመጣሃት?" ሊሉኝ ነዋ። ከመዋረድ ብዬ ዝም አልኩ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔም ከኋላቸው ተሸጉጬ ተከተልኩ። አቶ ወልደሰንበት አንኳኩ። በዚያ ሰዓት ይህን ያህል ሰው በሯ ላይ ቆሞ ያየች እናት፣ ሳይነገራት ነው ኡኡ የምትለው።

እማማ ግን ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ቀስ በሉ... አሁን ገና ጋደም አለ።"

አቶ ወልደሰንበት ደርቀው ቀሩ። ከውስጥ፣ አልጋው ላይ፣ ጋቢ ተከናንቦ የተኛ አለ።

"ተሻለች..." አሉ።

እማማ እሳቸውን አላዩም። ያዩት እኔን ነው፣ ከሁሉም ኋላ የተደበቅኩትን።

"ና ግባ መኩዬ። ሲጠብቅህ ነው ያደረው። ምንም አልተቀየመህም።"

ጋቢው ተንቀሳቀሰ። አንድ ክንድ ቀስ ብሎ ወጣ... የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አደረገ...

ከዚያ የተኛው ወደ ግድግዳው ፈቀቅ ብሎ ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ።