የረሂማ ደም

ነሐሴ 1979 ዓ.ም. ረሂማ ሞታ የተገኘችው በኮምቦልቻ ሙቀት አራት ብርድ ልብስ ደርባ ነው። ፊቷ አብጧል፤ ቅንድቧ ሳስቷል። መርማሪው መቶ አለቃ ብሩ አስከሬኑን አጎንብሶ ብዙ አየው። የሠላሳ አራት ዓመቷ ሴት የስልሳ ዓመት አሮጊት መስላለች።

ሠፈሩ ግን ምርመራ አልጠበቀም። «ጣውንቷ መርዛት ነው» አለ። ምግቧን የምታቀርብላት የባሏ ሁለተኛ ሚስት ሳፊያ ከቀብር መልስ ከነጨቅላዋ ቀበሌ ታሰረች።

«እስከ ዓርብ ሌላ ሰው ካላመጣህ ለበላይ አካል አስረክባታለሁ» አለው የቀበሌው ሊቀመንበር። ወደዚያ ሄዶ የተመለሰ ሰው ብሩ አያውቅም።

«ወላሂ አልነካኋትም፣ ጌታዬ» አለች ሳፊያ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ። «ከረመዳን ወዲህ ነው የባሰባት። ብርድ ብርድ ይላታል፣ ድምጿ ጎረነነ፣ ከአልጋ መነሳት ሞት ሆነባት።»

«ሐኪም አላያትም?»

«አይቷታል እንጂ! ደሟ አዲስ አበባ ድረስ ተልኮ ‹ልክ ነው፣ ምንም የለብሽም› ተባለች። ከዚያ በኋላ ማን ይመናት? ‹ሳፊያ፣ ደሜ ዋሸብኝ› እያለች ታለቅስ ነበር።»

«የምትውጠው መድኃኒትስ ነበር?»

«ደሴ ሄዳ እንቅርቷን ካስወጣች ወዲህ ክኒን ትውጣለች፤ በየማለዳው በእጄ ነው የምሰጣት። የአሁኑ ይጎመዝዛል አለች። መድኃኒቷን የሚያድላት የክሊኒኩ ድሬሰር ወልደ ሚካኤል ‹የሚሠራው ፋብሪካ ተለውጦ ነው› አላት።»

ባሏ ሰይድ ራሱን ለመከላከል እንኳ አልሞከረም። «እሰረኝ» አለ። «ከመሞቷ በፊት በነበረው ቀን ‹ወረቀቱ ደህና ነሽ ይላል፣ ተነሺ!› ብዬ ብርድ ልብሷን ገፍፌባታለሁ።»

ብሩ ከራስጌዋ የክኒኑን ብልቃጥ አንስቶ አንዱን ምላሱ ላይ አደረገ። አፉን ውሃ ሞላው።

በማግስቱ ደሴ ወጥቶ ረሂማን ቀዶ ያከሟትን አዛውንት ሐኪም አገኘ።

«የእንቅርት ዕጢዋን ሙሉ በሙሉ ነው ያወጣነው» አሉ። «ዕጢው የሚሠራውን ሥራ ክኒኑ ይተካል።»

«ክኒኑ ቢቋረጥስ?»

«በሁለት ወር ውስጥ ደሟ ያሳብቃል። ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፣ ያብጣል፣ ሲከፋም ትሞታለች።»

«ታዲያ ወረቀቱ ልክ ነው ይላል።»

ሐኪሙ ዓይናቸውን ሰበሩ። «እሱን አምኜ ‹ሕመምሽ ከሐሳብ ነው› ብዬ መለስኳት። ሴትየዋን ትቼ ወረቀት አከምኩ።»

«ደሙን ማን ቀዳ?»

«ወልደ ሚካኤል። መንገዱ ያደክማታል ብሎ እዚያው ቀድቶ ላከው።»

ብሩ ክኒኑን ሰጣቸው። ቀምሰው ደነገጡ። «ይሄ እኮ ቫይታሚን ሲ ነው!»

«እውነተኛው መድኃኒት ለኮምቦልቻ ለስንት ሰው ይመጣል?»

«ለረሂማ ብቻ። ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ።» ስም ዝርዝሩን አወጡለት። ብሩ ሲያነብ ጣቱ አንዱ ስም ላይ ቆመ።

ሐሙስ ከሰዓት ሁሉንም ቀበሌው አዳራሽ ሰበሰባቸው፤ ሰይድን፣ ሳፊያን፣ ሐኪሙን፣ ወልደ ሚካኤልንና ሚስቱን አልጣሽን። አልጣሽ አንገቷ ላይ ሻሽ ጠምጥማ ከባሏ ጎን ተቀመጠች።

«መርዝ የለም» አለ ብሩ። «ረሂማን የገደላት ያልዋጠችው መድኃኒት ነው። ብልቃጧ ውስጥ የነበረው ቫይታሚን ነው። ዕጢ የሌላት፣ መድኃኒት የማትውጥ ሴት ደሟ ልክ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አዲስ አበባ የሄደው ደም የእሷ አይደለም። የማን ነው? የእሷን መድኃኒት የሚውጥ ሰው ደም ነው።»

ወልደ ሚካኤል ወደ በሩ ተመለከተ።

«ተራ ከሚጠብቁት አንዷ ዕጢዋ ከወጣ ስድስት ወሯ ነው። ያለ መድኃኒት ስድስት ወር የቆየች ሴት ረሂማን መምሰል ነበረባት። ይቺ ግን ፊቷ ወዝ አለው። ወይዘሮ አልጣሽ፣ ሻሹን ይፍቱልን።»

አልጣሽ ፈታችው። አንገቷ ላይ ጠባሳው ቀላ ብሎ ታየ። ወደ ባሏ ዞረች።

«ተራዬ ደረሰ ብለኸኝ ነበር እኮ! ደሜንም ለእኔው ምርመራ ነው ብለህ ቀዳኸኝ!»

«ልትሞችብኝ ነበር!» ብሎ ጮኸ ወልደ ሚካኤል። «ደጅ ያልጠናሁት ማንን ነው? ለሁለታችሁ ላካፍል ሞከርኩ፤ አልበቃ አለ። ሐኪሙ የረሂማን ደም ሲጠይቁ ደግሞ… አንዷን መምረጥ ነበረብኝ።»

ወልደ ሚካኤልን ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

«ሳፊያን ፍታት» አለ ብሩ ለሊቀመንበሩ።

አልጣሽ ከጉያዋ ብልቃጥ አውጥታ ሰይድ እግር ሥር አስቀመጠችው። «የሚስትህ ነው። ከእንግዲህ አንዲት ፍሬ አልውጥም።»

ሐኪሙ በተሰበረ ድምፅ፣ «የረሂማ ቦታ ተለቋል፤ አሁን በደንቡም ተራው የእርስዎ ነው» አሏት።

«አልፈልግም!»

ሳፊያ ልጇን ለሰይድ አሳቅፋ ብልቃጡን ከመሬት አነሳች። የአልጣሽን መዳፍ ፈልቅቃ አስጨበጠቻት።

«ዋጪው» አለች። «ረሂማን ያጠብኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሬሳ የማጥብበት አቅም የለኝም።»