አስራ አንዱ ደቂቃ

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በየካቲት፣ ረቡዕ ከምሳ በኋላ ነበር። መርማሪው ያኔ ተራ ፖሊስ ነው። ስላየው አንድ የኮሪያ ፊልም የጻፋትን ሁለት ገጽ ይዞ ወደ መጽሔቱ ቢሮ ሄደ። አዘጋጁ የመጀመሪያውን አንቀጽ ለሠራተኞቹ ጮክ ብሎ አነበበና፣ «ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ፊልም አይተችም፤ በር ላይ ቆሞ ትኬት ይቀበላል» አለ። ሁሉም ሳቁ። ጥግ ላይ ከዘራውን ታቅፎ የተቀመጠ አንድ ሐያሲ ብቻ አልሳቀም። እያነከሰ እስከ ደረጃው ተከተለውና፣ «ሁለት ጊዜ እየው፤ ከዚያ ጻፍ» አለው። መርማሪው ግን ዳግመኛ አልጻፈም።

አሁን ያ ሐያሲ በዲስኮቹ መደርደሪያ ሥር ሞቶ ተገኝቷል፤ ጭንቅላቱን የመደርደሪያው ብረት መትቶታል። ግድግዳው ከጃፓን፣ ከታይዋን፣ ከኢራን በመጡ ፊልሞች ተሞልቷል። እግሩ ከታመመ ወዲህ ሲኒማ ቤት ረግጦ አያውቅም፤ ዲስኩን በፖስታ እያስመጣ ቤቱ ያያል፣ ያየውን በአሮጌ የጽሕፈት መኪና ይተቻል።

ለአለቃው ነገሩ ያለቀ ነበር። አዲሱ ዲስክ የመጣው በሞተበት ዕለት፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል። በጽሕፈት መኪናው ላይ ደግሞ ስለዚሁ ፊልም ያለቀ ሂስ ተገኝቷል። ስለዚህ ሟቹ ቢያንስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ነበር። ያው የመጽሔቱ አዘጋጅ ሰባት ሰዓት ላይ መጥቶ ስምንት ሳይሞላ ሄዷል፤ ከዚያ እስኪመሽ ስብሰባ ላይ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ በራሱ ቁልፍ ከፍቶ የገባው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ከሁለት ቀን በፊትም፣ «እናታችን አልጋ ላይ ወድቃ አንተ የሰው አገር ለቅሶ ታያለህ» እያለ ሲጮህ አከራይዋ ሰምተውታል።

«ዓርብ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ አታንዛዛው» አለ አለቃው።

ወንድምየው በእስር ቤት ስለ ራሱ የተናገረው ጥቂት ነው። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጋሼ፣ እናቴን ማን ያገላብጣታል?»

አዘጋጁ መርማሪውን በቢሮው ሲቀበለው አላስታወሰውም። ይህ ከስድቡ ይብስ ነበር። ስለ ፊልሙ ሲጠየቅ ወንበሩ ላይ ተደላደለ።

«እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ውጭ አገር፣ በትልቅ አዳራሽ ነው ያየሁት። እዚህ እኮ ማንም አላየውም። ሽማግሌው ጀልባውን ገፍቶ ሲሄድ ሰው ሁሉ አለቀሰ። አንተ ግን አትድከም፣ ከሥር የሚጻፈውን ማንበብ ይጠይቃል።»

መርማሪው በሟቹ ክፍል ዲስኩን ከፍቶ ተቀምጦ ደከመ። ንባቡ አዝጋሚ ነው፤ መሐል ሳይደርስ ጽሑፉ ይጠፋል። ፊልሙ ሙሉ በሙሉ በረዶ፣ ጽሑፉም ነጭ። የሪሞቱ ማቆሚያ በጥፍር ካልተጫኑት አይሠራም። እየረገመ አቆመ፣ መለሰ፣ አነበበ። አለቃው ሦስት ጊዜ ደውሎ፣ ሰው ወንጀለኛ ሲፈልግ አንተ ሲኒማ ትኮመኩማለህ አለው። በሁለተኛው ቀን ሽማግሌው ጀልባውን ገፍቶ ሄደ፤ ስክሪኑ ጠቆረ። መርማሪው ሊያጠፋ እጁን ሲዘረጋ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ደረጃው ላይ የሰማው ድምፅ ትዝ አለውና ተወው። ምስሉ ተመልሶ መጣ። ጀልባው ዞረ፤ ሽማግሌው በር አንኳኳ፤ ሴት ልጁ ከፈተችለት። አስራ አንድ ደቂቃ። በሽፋኑ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል «በሲኒማ ቤት ያልታየ መጨረሻ» ይላል።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉንም በዚያው ክፍል ሰበሰባቸው፤ ወንድምየው እጁ በካቴና ነው። መርማሪው ሂሱን አነበበ፦ «ጀልባዋ አትመለስም፤ የፊልሙ ታላቅነትም እዚህ ላይ ነው።»

«ትመለሳለች» አለ። «ይህን የጻፈው ሰው ይህን ዲስክ አላየም። ሟቹ ደግሞ ከዲስክ ሌላ የሚያይበት የለውም። የድሮ ሂሶቹን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ አንድም የትርጉም ጽሑፉን ሳያማ የጀመረው የለም። በረዶ ላይ በነጭ የተጻፈውን ዝም ብሎ ያልፋል?»

«ደክሞት መጨረሻውን ሳያይ ጽፎት ይሆናላ» አለ አዘጋጁ።

«ይሁን። እትዬ፣ የጽሕፈት መኪናውን ድምፅ መቼ ሰሙ?»

«እኚህ ጋዜጠኛ እያሉ ነው እንጂ። ከሄዱ በኋላ ቤቱ ጭጭ አለ» አሉ አከራይዋ።

«እና ለምን አልነገሩንም?» አለ አለቃው።

«መቼ ጠየቃችሁኝ?»

መርማሪው ወደ አዘጋጁ ዞረ። «ስድስት ሰዓት የመጣ ፊልም ስምንት ሳይሞላ ታይቶ፣ ተተችቶ አያልቅም። ያውም እንግዳ ተቀምጦ። ጠረጴዛዎ ላይ በስምዎ ሊታተም የተዘጋጀ መጽሐፍ አገኘን፤ ሂሶቹ ቃል በቃል በሟቹ ደብተሮች፣ በእጅ ጽሑፉ አሉ። የዚያን ዕለት የጠራዎት ለዚህ ነው። ተጣላችሁ። ሲሞት ዲስኩን መሣሪያው ውስጥ ከተው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የኖረ እንዲመስል በሲኒማ ያዩትን ጻፉለት።»

አዘጋጁ ጫማውን እያየ፣ «ገፋሁት እንጂ... እንዲሞት አልነበረም» አለ።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ዞረ። ወንድምየው ማንንም አላመሰገነም፤ ኮቱን እንኳ ሳይቆልፍ ወደ እናቱ ሮጠ።

አዘጋጁ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመና መርማሪውን አተኩሮ አየው።

«ቆይ፣ አንተ ያ ባለ ሁለት ገጹ ሰውዬ አይደለህም እንዴ?»

ለዚህች ቀን መርማሪው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መልስ ሲያሾል ኖሯል። ዲስኩን ከመሣሪያው አወጣ፤ በኮቱ እጅጌ ጠርጎ ሽፋኑ ውስጥ ከተተው፤ መደርደሪያው ላይ ክፍት በቀረችው ቦታ አስገባው። ከዚያም በአዘጋጁ አጠገብ አልፎ፣ ሳይመልስለት ደረጃውን ወረደ።