የቀረው ነጎድጓድ

አባቷ ማይኩን ይዞ ሲያለቅስ፣ አጠገቡ የቆመችው ሐሴት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ኬንያ ውስጥ ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር ባለው የሐበሾች ቸርች እሁድ እሁድ ምስክርነት ይሰጣል፤ ለኬንያውያን እንግዶች ወደ እንግሊዝኛ የምትተረጉመው እሷ ናት። ዛሬ ደግሞ ከእንግዶቹ መሀል የክፍሏ ልጅ አኪኒ ተቀምጣለች።

«ከአገር ስሰደድ ድንበሩን ተሻግሬ፣ ከማርሳቢት ወዲህ ብቻዬን ስመጣ» አለ አባቷ፣ «ነጎድጓድ ሰማዩን ሰነጠቀው። መጀመሪያ ፈራሁ። ኋላ ግን ሰማዩ ስለ እኔ የሚጮኽልኝ መሰለኝ። ጭቃው ላይ ተቀምጬ አብሬው ጮኽኩ፤ የሞተች እናቴን በስሟ ተጣራሁ።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

ሐሴት አኪኒን ሰረቅ አድርጋ አየቻትና በእንግሊዝኛ፣ «መንገድ ላይ ዘነበበት፤ እግዚአብሔር ረዳው» ብላ ጨረሰች።

ሲወጡ አባቷ፣ «እንግሊዝኛ እንዲህ አጭር ነው እንዴ?» አለና ከአንገት በላይ ሳቀ።

ሰኞ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪያቸው ሰሌዳው ላይ «ሮማንቲሲዝም» ብሎ ጻፈ። ልጆቹ የፍቅር ነገር መስሏቸው ተንሾካሾኩ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አስተማሪው። «ድሮ ፈረንሳይ አገር የተማረ ሰው የሚጽፈው በላቲን ነበር። ተራው ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ ሮማንዝ ይባል ነበር። በዚያ ቋንቋ የሚተረኩት የጀብዱና የተአምር ታሪኮች በቋንቋው ስም ሮማንስ ተባሉ። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ ስሜትን፣ ምናብንና ያልተገራ ተፈጥሮን ያስቀደሙ ጸሐፊዎች መጠሪያቸው ከእነዚያ ታሪኮች መጣ። ማዕበል መሀል ቆሞ ማልቀስ ለእነሱ ነውር አልነበረም።»

አኪኒ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የሐሴት አባት ትናንት ቸርች ውስጥ እያለቀሱ ብዙ ተናገሩ። ምን እንዳሉ ግን አልገባኝም።»

ክፍሉ በሙሉ ወደ ሐሴት ዞረ።

«ስለ... ዝናብ ነው» አለች። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ትናንት በአባቷ አፍራ ነበር፤ አሁን በራሷ አፈረች።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከማታቱው ታክሲ ወርዳ በቀጥታ አባቷ ልብስ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደች።

«አባዬ፣ እሁድ ታሪክህን ቆርጬብሃለሁ።»

«አውቄያለሁ» አለ፣ ሸሚዝ እያጠፈ። «እንግሊዝኛ ባልችልም ዝናብ የሚለውን አላጣውም።»

«ነገ ለክፍሌ ልጆች ልናገረው ነው። ፕሊዝ፣ ድገምልኝ።»

አባቷ ሸሚዙን አስቀመጠ። «ሳዋ፣ እሺ» አለ። «ለቅሶዋን ግን እንዝለላት፤ ጓደኞችሽ ፊት እንዳታፍሪ።»

ሐሴት በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ከለቅሶዋ ጀምር» አለችው።