ጆሮ የሌለው ምልክት

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ የልጅቷ አስከሬን ገና ከጉድጓዱ አልወጣም ነበር። ከመድረኩ ፊት፣ በመድረኩና በተመልካች ወንበሮቹ መካከል፣ ድሮ ሙዚቀኞች ይቀመጡበት የነበረ ጥልቅ የሲሚንቶ ጉድጓድ አለ። ልጅቷ እዚያ ታች በጎኗ ተኝታለች። አንድ እጇ የሆነ ሰው ልትጨብጥ የፈለገች ይመስል ወደ ፊት ተዘርግቷል። የለበሰችው የእናትነቱን ሚና የምትጫወትበትን ሰፊ ካፖርት ነበር።

በዩኒቨርሲቲው የቴአትር ትምህርት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ጓደኞቿ ሳቂታ ይሏታል።

ሦስት ተማሪዎች ወንበሮቹ ላይ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ኢንስፔክተሯ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው መራራቃቸውን ነው። ሐዘን የደረሰባቸው ልጆች ይጠጋጋሉ፤ እነዚህ ግን በመሃላቸው ባዶ ወንበር ትተዋል። በተለይ ቀጭኗ ልጅ ጭራሽ ብቻዋን ናት፤ ሁለቱ ወንዶች አልፎ አልፎ ያዩዋትና ዓይናቸውን ያሸሻሉ።

ግራጫ ሹራብ የለበሰው መምህራቸው ወረቀት የሚይዝባትን ጥቁር ሰሌዳ ደረቱ ላይ ታቅፎ ቆሟል።

«ልጄን ነው ያጣሁት» አለ። «ትዕይንቱ በጨለማ ነው የሚጀምረው። ከኋላ ተነስታ ወደ ፊት ትመጣና ወለሉ ላይ የተለጠፈላት ምልክት ላይ ትቆማለች፤ ያኔ መብራት ይበራላታል። ዛሬ አልቆመችም። ራሷን አዙሯት ይሆናል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምልክቷን የለጠፈችላት መርፌ ናት፤ ያቺ ቀጭኗ፣ አልባሳት የምትሠራው። አንድ ክፍል ነው የሚኖሩት። ሰሞኑን ተኳርፈዋል ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ ግን ማንንም መጠርጠር አልፈልግም።»

«ገና ማንም ጠርጥሩ አላለዎትም» አለች ኢንስፔክተሯ።

መድረኩ ላይ ወጣችና ጎንበስ አለች። የሳቂታ ምልክት የጣት ርዝመት ያላት ነጭ ፕላስተር ናት። ያለችው መሆን ባለባት ቦታ፣ ከጫፉ በደንብ ርቃ ነው። ጫፏን በጥፍሯ ልታነሳ ሞከረች፤ እንቢ አለቻት። ጥፍሯን አመማት። የሌሎቹ ተዋንያን ምልክቶች ግን ጫፋቸው ትንሽ ታጥፎ ስለነበር ገና ስትነካቸው ተነሱ።

ትከሻው ሰፊውን፣ አናጢው የሚሉትን ተማሪ ጠራችው።

«ይቺ የታጠፈችው ምንድን ናት?»

«ጆሮ እንላታለን። ነገ የሚነቅለው ሰው ጥፍሩ እንዳይላጥ፣ የሚለጥፈው ያጥፍለታል። የጋሼ፣ የመምህራችን ትምህርት ናት። ‹ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን እጅ አስቡ› ይሉናል።»

«የራስህን ምልክት ራስህ ነህ የምትለጥፈው?»

«ኧረ አይቻልም። ሌላ ሰው ነው የሚለጥፍልህ። ‹ቴአትር የጋራ ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው በለጠፈው ምልክት አምኖ መራመድ ነው› ይላሉ።» ወደ መርፌ ገልመጥ አለ። «ሳቂታም ምልክቷን አምና ነበር የተራመደችው።»

«ስትወድቅ የት ነበርክ?»

«ከዲኮሩ ጀርባ፣ በሩን እየሳብኩ።»

«የሚታጠፈውን በር ነው? ያምራል። አንተ ነህ የሠራኸው?»

አናጢው መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አዎ... ማለቴ፣ ድርሰቱም ዲኮሩም የሁላችንም ነው። ደራሲ የለንም። አራታችን ተሰብስበን ነው የፈጠርነው።»

«ምነው ደነገጥክ?»

«እኔ? በር ምን ያስደነግጣል?»

ኢንስፔክተሯ አልተከራከረችውም። የመብራት ሠራተኛውን ለማነጋገር ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን ደረጃ ወጣች። ራሱን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ልጅ ነው።

«አምፖል ትባላለህ አሉ።»

«ለመብራቱ ይሁን ለራሴ እስካሁን አልነገሩኝም» አለ። ሊቀልድ ነበር። «ይቅርታ። ስጨነቅ አፌ ይቀድመኛል።»

«ጨለማው ውስጥ ምን ሰማህ?»

«መብራት ሳጠፋ ‹ምልክት?› ብዬ እጮሃለሁ። ተዋናይዋ ‹አየሁት› ሳትል ከቦታዋ አትንቀሳቀስም። ፕላስተሩ ብርሃን ሲጠጣ ቆይቶ በጨለማ የሚያበራ ዓይነት ነው። ዛሬም ‹አየሁት› አለች። ድምፅዋ ደህና ነበር፤ ራሱን ያዞረው ሰው ድምፅ አይደለም።»

«ምናልባት ሌላ ብርሃን አሳስቷት ቢሆንስ? የሰው ስልክ?»

«ስልክ ሁሉ በቅርጫት ተሰብስቦ እኔ ጋ ነው። የጋሼም ጭምር። ታች ያለው ብርሃን የእሳቸው ጠረጴዛ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብቻ ናት። እኔ ላጠፋ ስል እሳቸውም ያጠፏታል።»

«ከፊት ወንበር የተቀመጠ ሌላ ሰው አለ?»

«መርፌ። ግን ዳር ላይ ናት፤ እዚያ ጨለማ ነው፤ መርፌዋን እንኳ በዳበሳ ነው የምትይዘው።»

«ብርሃኑ ቀስ እያለ የሚጠፋበትን ዘዴ ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«ማን ነገረዎት?»

«ማን መንገር ነበረበት?»

አምፖል ወደ መብራቱ ማብሪያዎች ዞረ።

ኢንስፔክተሯ ወርዳ ስትጠጋት መርፌ ጣቷ ላይ ያደረገችውን የስፌት ብረት እያዞረች ነበር። ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ገድያት ከሆነ ንገሩኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ጠዋት ለጠፍኩላት፤ መብራት አስጠፍተን አየነው፤ በርቷል። ከዚያ ሻይ ልንጠጣ ወጣን፤ ጋሼ ሊያነቡ ቀሩ። ስንመለስ ልምምዱ ተጀመረ። አሁን ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት። እናቷ ስትመጣ ምን እላታለሁ? ‹ልጅሽ የሄደችበትን ምልክት የለጠፍኩት እኔ ነኝ› ልበላት?»

«ተኳርፋችሁ ነበር?»

«ማን ነው ያለው? ዝም ብላኝ ነበር እንጂ አልተኳረፍንም። ትናንት ትልቁ ቴአትር ቤት ከምትሠራው ከአክስቷ ልጅ ጋር ውላ ስትመጣ ፊቷ ሌላ ሆነ። ‹ነገ ከልምምዱ በኋላ ሁላችሁም ቁጭ በሉልኝ። አንድ ሰው ግን ቀድሜ ላነጋግር፤ ይገባዋል› አለችኝ። ማን እንደሆነ አልነገረችኝም።»

«የካፖርቱን አቆራረጥ ሰው ጠይቆሽ ያውቃል?»

መርፌ ቀና አለች። ፊቷ ቀላ። «ላልናገር ቃል ገብቻለሁ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ውጭ ወጥታ የሳቂታን የአክስት ልጅ በስልክ አነጋገረቻት። አብሯት የመጣውንም ፖሊስ ጠርታ የመጸዳጃ ቤቱን የቆሻሻ ቅርጫት እንዲፈትሽ ላከችው። ስትመለስ አስከሬኑ ወጥቶ ነበር። ሦስቱን ተማሪዎችና መምህሩን መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«አምፖል፣ ውጣና አጥፋው።»

ጨለመ። ወለሉ ላይ እዚህም እዚያም አረንጓዴ ምልክቶች በሩ፤ የአናጢው ከበሩ ሥር፣ መርፌ በኋላኛው ትዕይንት የምትቆምበት ከመስኮቱ ጎን። የሳቂታ ምልክት ባለበት ቦታ ግን ምንም የለም።

«ወይኔ» አለ የአናጢው ድምፅ።

መብራቱ ሲመለስ ነጯ ፕላስተር እዚያው ቦታዋ ላይ ነበረች።

«ይቺ ተራ ፕላስተር ናት» አለች ኢንስፔክተሯ። «በብርሃን ሲያዩአት ያው ናት፤ በጨለማ የለችም። ሻይ ልትጠጡ ስትወጡ ተቀየረች። ጆሮ የላትም። ከእናንተ ማንኛችሁም ብትለጥፏት ኖሮ እጃችሁ ሳታስቡት ያጥፋት ነበር። ይህ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

«ሳቂታ ‹አየሁት› ብላለች። ምን አየች? ከፊቷ አንድ ነገር በርቷል። በጨለማ ውስጥ ያለች አንዲት ብርሃን ቅርብ ትሁን ሩቅ አታስታውቅም። እዚህ ጋ ናት ብላ የሄደችባት ምልክት ከጉድጓዱ ማዶ፣ ፊት ወንበር ላይ ነበረች። እዚያ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። መርፌ ዳር ላይ፣ ጨለማ ውስጥ ናት። እዚያ የተያዘ ፕላስተር ብርሃን የሚጠጣበት የለም፤ ስለዚህ አያበራም። ብርሃን የሚያጠጣ አንድ መብራት ብቻ ነበር።»

ሁሉም ወዴት እንደሚያይ አወቀ።

«ቀልድ ነው?» አለ መምህሩ። «ተማሪዬን ለምን? ለአራት ዓመት ያሳደግኳትን?»

«እሱን እነሱ ይንገሩን። አናጢው፣ የበሩን አሠራር ለማን ሰጠህ?»

አናጢው አንገቱን ደፋ። «ለጋሼ። ትልቁ ቴአትር ቤት የእኔን ሥራ እንደወደደው ነገሩኝ። ‹ዕድሉ ያንተ ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ አትንገር፤ ይከፋቸዋል› አሉኝ።»

«ለእኔም እንደዚሁ» አለ አምፖል በቀስታ። «ልክ በዚሁ ቃል።»

መርፌ ሁለቱን አየቻቸው። «እኔም» አለች። «እኔ ብቻ መስሎኝ።»

«ድርሰቱን ደግሞ ከልምምዳችሁ ራሳቸው ወሰዱት» አለች ኢንስፔክተሯ። «የአክስቷ ልጅ እንደነገረችኝ፣ ትናንት ሳቂታ እዚያ ቴአትር ቤት አንዲት ተዋናይ ስትለማመድ ሰማች። ‹እናቴ በር ስትዘጋ እንኳ ውጭ የቀረው ሰው እንዳይከፋው ቀስ ብላ ነበር› ስትል። ይህ ከሳቂታ ቤት የመጣ ነው፤ እዚህ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ለእናንተ ያካፈለችው። ደራሲው ማነው ብላ ጠየቀች። የተነገራት የመምህሯን ስም ነው። ለእናንተ ከመንገሯ በፊት ዛሬ ጠዋት እሳቸው ጋ ሄደች፤ ራሳቸው እንዲነግሯችሁ ዕድል ልትሰጣቸው። ሰሌዳዎን ያውሱኝ።»

መምህሩ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ከእጁ ወሰደው። ኢንስፔክተሯ ገልብጣ አሳየቻቸው። በጀርባው ላይ የጣት ርዝመት ባለው ቀጥ ያለ መስመር ግራጫ የሹራብ ብናኝ ተጣብቋል።

«ፕላስተሩ ከሰሌዳው ሲነቀል ሙጫው ቀረ። እርስዎ ደግሞ ከዚያ ጀምሮ ደረትዎ ላይ እንደታቀፉት ነው፤ ሹራብዎ የነካው ሁሉ ተለጠፈበት። የነቀሉትን ምልክት ሰሌዳው ጀርባ ላይ ለጥፈው መብራትዎ ሥር ብርሃን አጠጡት፤ ሲጨልም ወደ መድረኩ አዙረው ያዙት።» ፖሊሱ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ያመጣትን የተጨማደደች ፕላስተር መዳፏ ላይ አኖረች። ጫፏ ታጥፏል። «ይቺ መርፌ የለጠፈቻት ናት። ጆሮዋን ይዘው በቀላሉ ነቀሏት። ለሚቀጥለው እጅ ብላ ነበር ያጠፈችው። የሚቀጥለው እጅ የእርስዎ ሆነ።»

መምህሩ ሲናገር ድምፁ የክፍል ውስጥ ድምፁ ነበር። «ያለ እኔ እናንተ ምን ነበራችሁ? ብትንትን ያለ ወሬ። ሰብስቤ ቴአትር ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

መርፌ ተነስታ ፊቱ ቆመች። በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ አላለችውም።

«‹ይገባዋል› ያለችው አንተን ነበር» አለችው። «ይህን ብቻ ይዘህ ሂድ።»

ሲወስዱት ማንም አልተከተለውም። ሦስቱ መድረኩ ላይ ቀሩ። አናጢው ወደ መርፌ ጠጋ ብሎ፣ «ጠርጥሬሽ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ። እኔም ራሴን ጠርጥሬ ነበር» አለች መርፌ። «ለእናንተ አለመንገሬ ነው የሚያንገበግበኝ። አንዳችን ብንናገር ኖሮ...»

ነጯን ፕላስተር በጥፍሯ ፍቃ ፍቃ ነቀለቻት። ከጥቅሉ አዲስ ቆርጣ በቦታው ለጠፈች፤ ጫፉን አጠፈች። አምፖል ምንም ሳይባል ደረጃውን ወጣ።

ጨለመ። ከላይ፣ ከለመደው ቦታ፣ ድምፁ መጣ።

«ምልክት?»

የምትመልስለት ሳቂታ አልነበረችም።

«አየሁት» አለች መርፌ። ማንም ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።