የድንጋዩ ቤት ደረጃ

ኢንስፔክተር የሺመቤት ቦሌ ሚካኤል ካለው አሮጌ የድንጋይ ቤት ስትደርስ፣ ፎቁ ላይ ይሠራ የነበረው ወጣት ፍስሃ ከእንጨቱ ደረጃ ሥር ሞቶ በጀርባው ተጋድሞ ነበር። ግንባሩ ተፈንክቷል። መነጽሩ ግን ለፎቶግራፍ የተቀመጠ ይመስል ዓይኑ ላይ ቀጥ ብሏል።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ነው። ፎቁን የኮምፒውተር መሐንዲሶች ተከራይተው በጋራ ይሠሩበታል። ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍል ባለቤቱ አቶ ነገራ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ቤቱን ያሠሩት አባታቸው ናቸው።

«ትናንት አመሻሽ ላይ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ አዳልጦት ነው የሚሆነው» አለ አብነት፣ የሥራ ቦታውን ያቋቋመው ወጣት።

የሺመቤት ወደ አስከሬኑ ተጠጋች። ጎንበስ ብላ መነጽሩን በእስክሪብቶ ጫፍ ከፍ አደረገችው። ከሥሩ የደረቀ ደም አለ፤ መስታወቱ ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም። ማጠፊያው ላይ ነጭ የጥጥ ክር ተይዟል። በአንዱ ጆሮው ውስጥ ባቄላ የምታክል ነጭ የጆሮ ማዳመጫ አለች፤ ጥንዷ ደግሞ ከፍ ብሎ ባለው ደረጃ ላይ በግልጽ ወድቃለች።

መጀመሪያ አብነትን ለብቻው አነጋገረችው።

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«አዎ። ሁሉንም ቦሌ ቡልቡላ ወዳለ አዲስ ሕንፃ እንሂድ ብሎ አሳመናቸው። ይህን ቤት ፈልጌ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አኩርፌ ወጣሁ።»

«ከዚያስ?»

«በእግሬ ስዞር አመሸሁ። ያየኝ ሰው የለም።»

ሰኚ የፍስሃ የጠረጴዛ ጎረቤት ነበረች። ዓይኗ አብጧል።

«ከሱ በፊት ወጥቼ ቤቴ ገባሁ። እኔም ብቻዬን ነኝ፤ የሚመሰክርልኝ የለም።»

«ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ዝምተኛ። ሁላችንም ጎን ለጎን ተቀምጠን ሳንነጋገር ነው የምንውለው። በተለይ እነዚያን የጆሮ ማዳመጫዎች ከገዛ ወዲህ፣ ፀጉሩ ስለሚሸፍናቸው ሳናውቅ እናወራውና ዝም ሲለን እንስቅ ነበር።»

አቶ ነገራ ክፍላቸው ደጃፍ ላይ በስስ ኮት ተቀምጠው ይንቀጠቀጣሉ። የነሐሴ ብርድ ነው። በበሩ ስንጥቅ በኩል ሳፋ ውስጥ የተዘፈዘፈ ጋቢ ይታያል።

«ፍስሃን ይቀርቡት ነበር፣ አባቴ?»

«ማታ ማታ ወርዶ ያጫውተኝ ነበር፣ ልጄ። ሰሞኑን ግን ኮራ። ብትጠሪው ዞር ብሎ አያይሽም።»

የሺመቤት ማስታወሻ ደብተሯን አጠፈች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ላምበረት ያለው ቤቷ ምን ያህል ጸጥ እንደሚል ታውቀዋለች። ከዚያ ሦስቱንም ደረጃው አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ፍስሃ ሲወድቅ መነጽሩም ወድቋል» አለች። «የተቀመጠው በደረቀ ደም ላይ ነው። አንድ ሰው ፈልጎ አንስቶ፣ በጥጥ ልብስ ጠርጎ መልሶ አደረገለት። ይህ ሰው ይወደው ነበር።»

ሰኚ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«የኔን ልብስ ማየት ይችላሉ» አለች።

«ያንቺ ነጠላ አይደለም። መነጽሩን ፈልጎ ያገኘ ሰው የጆሮ ማዳመጫዋን አልፏት ነው የሄደው። አንቺ ወይም አብነት ብትሆኑ ከመነጽሩ ጋር እሷንም ትመልሷት ነበር። የተዋት ምን እንደሆነች የማያውቅ ሰው ነው። በዚህ ብርድ ጋቢውን ሳፋ ውስጥ የዘፈዘፈም አንድ ሰው ብቻ ነው። አቶ ነገራ?»

ሽማግሌው አልካዱም።

«ዕቃውን ሊሰበስብ ነው የቆየው። ወደ ፎቅ ወጥቼ ከኋላው ደጋግሜ ጠራሁት። ‹እናንተ ከሄዳችሁ እኔ ከማን ጋር ልኖር ነው?› አልኩት። ዝም ብሎኝ መውረድ ሲጀምር ገፋሁት። ልገድለው አይደለም፤ ዞሮ እንዲያየኝ ነው።»

«ለምን ሰው አልጠሩም?»

«ትንፋሹ ወዲያው ነው የተቋረጠው። እስኪነጋ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሲነጋ ግን ፈራሁ።» ቀና ብለው ወደ ደረጃው ጠቆሙ። «ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

የሺመቤት ይህን ጥያቄ ስትፈራው ነበር። ሰኚ ቀደመቻት።

«ሙዚቃ መስሚያ ነው፣ አባባ። ጆሮው ውስጥ ካለ ሌላ ነገር አይሰማም።»

አቶ ነገራ ዓይናቸውን ከደረጃው ነቅለው ወደ የሺመቤት ዞሩ።

«ንቆኝ አልነበረም ማለት ነው?»

«አልሰማዎትም፣ አባቴ» አለች የሺመቤት።

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። አብነት ወደ ውጭ ወጣ። ሰኚ ግን ሄዳ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። በር ላይ የፖሊስ መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። የሺመቤት ለሾፌሩ ሞተሩን እንዲያጠፋ በእጇ ምልክት ሰጠችው።